ሰማንያ ሁለቱ «ተዛዋሪዎች»

መስከረም 3፣ ሰኞ

የምዝገባ የመጀመሪያ ቀን። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ እስከ መኪና ማቆሚያው ደርሷል። እኔ የሬጅስትራር ቢሮው መረጃ ክፍል ነኝ፤ ሥራዬ ስንት ገባ፣ ስንት ቀረ፣ ስንት ተመረቀ ብሎ መቁጠር ነው። በምዝገባ ጊዜ ግን ሁላችንም መስኮት ላይ እንቀመጣለን። አራተኛው መስኮት ደረሰኝ። ከጎኔ ሦስተኛው ላይ «ቀጣይ» የምንላት ተቀምጣለች። ስሟ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ «ቀጣይ!» ስትል ስለምትውል ነው። ቤቷም እንዲሁ ናት ይላል ባሏ... ልጆቹን ገላ ስታጥብ «ቀጣይ!»

ፎቶ የረሳ፣ የእህቱን መታወቂያ ይዞ የመጣ፣ የሚማረውን ትምህርት ስም የማያውቅ። እግሬ አብጧል።

ወንድሜ ደወለ። ልጁን የት ላስገባት እያለ ወር ሙሉ ሲጨነቅ ነበር። «እታለም፣ አንቺ ያለሽበት ይሻላል ወይስ ማዶ ያለው?» ከእኛ ከመቶ ሰማንያ አራቱ ይመረቃሉ አልኩት። በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ሄደህ አንብብ። «አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው?» አለኝ በኩራት። አዎ፣ እኔ ነኝ። ስልኩን ቶሎ ዘጋሁበት። ደክሞኝ ይሆናል።

መስከረም 5

ሦስተኛው መስኮት ላይ አንዲት ልጅ መጣች። ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ማውለቅ ረስታው። ከሦስት ዓመት በፊት ያቆመችውን ትምህርት ልትቀጥል ነው የመጣችው። አንድ ዓመት ነው የቀራት።

ቀጣይ ኮምፒውተሩን አየች። «ተዛውረሻል ይላል።»

«የት?»

«ሌላ ኮሌጅ። ከተዛወርሽበት ወረቀት አምጪ።»

«ኧረ የትም አልተዛወርኩም! ቤቴ ነው የተዛወርኩት። እናቴን ላስታምም።»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። እሷም አብራ ፈገግ አለች፣ ነገሩ አሁኑኑ የሚስተካከል መስሏት።

«ሲስተሙ ያለውን ነው የምልሽ እህቴ። ቀጣይ!»

አንገቴን ደፋሁ። ፎርም የምሞላ መሰልኩ። ማን «ተዛውራለች» እንዳላት አውቃለሁ። እኔ ነኝ።

መስከረም 6

ልጻፈው። እዚህ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ነው?

ሰኔ ላይ ነው። የዓመቱ ሪፖርት። ከአምስት ዓመት በፊት የገባው ባች ሦስት መቶ ተማሪ ነበር። የተመረቀው መቶ ሰማንያ ሦስት። ከመቶ ስልሳ አንድ ማለት ነው። አለቃዬ ወረቀቱን አየና አጠገቤ ቆመ። «ፐርሰንት» እንለዋለን፤ እንዴት አደሩ ሲሉት እንኳ ስንት ፐርሰንት ደህና እንዳደረ የሚያሰላ ነው የሚመስለው።

«ስልሳ አንድ ይዘን ዲኑ ፊት አንቀርብም» አለ። «ያልጨረሱት የት ሄዱ?»

«አይታወቅም። አቋርጠዋል።»

«አይታወቅም ካልሽ... ተዛውረውም ይሆናላ።»

በማስረጃ ወደ ሌላ ኮሌጅ የተዛወረ ተማሪ ከቁጥር ይወጣል። ደንብ ነው፤ ትክክልም ነው። ሌላ ቦታ የሚመረቅን ልጅ ለምን አቋረጠ እንለዋለን? ግን ደንቡ በማስረጃ ይላል። እኔ ያለ አንዲት ወረቀት ሰማንያ ሁለት ሰው አዛወርኩ። ከሦስት መቶ ሰማንያ ሁለት ሲቀነስ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት። መቶ ሰማንያ ሦስት ለእሱ ሲካፈል ሰማንያ አራት ከመቶ። ጠዋት ስልሳ አንድ ነበርን፤ ከምሳ በኋላ ሰማንያ አራት። አንድም ተማሪ ሳይጨመር።

ማን አስገደደኝ? ማንም። ከፍቶኝ ነበር? አልከፋኝም። እንዲያውም... ደስ ብሎኝ ነበር። ዲኑ በስብሰባ ላይ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ፤ የዚያን ቀን ወደ ቤት በእግሬ ነው የሄድኩት፣ መንገዱ እንዳያልቅብኝ።

ያቋረጠ ሰው ተመልሶ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። እሱ ነው ጥፋቴ። አይ... አንዱ ጥፋቴ።

መስከረም 9፣ እሑድ

ምሳ ወንድሜ ቤት። ልጁ እኛ ጋ ተመዝግባለች። ደብተሮቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ስሟን ትጽፍባቸዋለች። ወንድሜ ለሚስቱ አሥረኛ ጊዜ ይነግራታል፦ «ከመቶ ሰማንያ አራት!»

ሚስቱ ሒሳብ አይገባትም እያለ የሚቀልድባት ሴት ናት። «እንዴት ነው የምትቆጥሩት?» አለችኝ። የገቡትን ታች፣ የተመረቁትን ላይ አድርገሽ ታካፍያለሽ አልኳት።

«ያልጨረሱትስ?»

«እንደ ምክንያታቸው ነው። አንዳንዶቹ ከታችኛው ቁጥር ይወጣሉ።»

ትንሽ አሰበች። «እንግዲህ ሦስት መቶ ሰው ሰርግ ጠርቼ መቶው ቢቀርብኝ፣ የቀሩትን መጀመሪያም አልጠራኋቸውም ብል ድንኳኔ ሞላ ማለት ነው?»

ወንድሜ ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺና ድግስ!» እኔም ሳቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳቅሁ። ልጅቱ ቀና ብላ «አክስቴ፣ እኔ ከሰማንያ አራቱ ነኝ አይደል?» አለችኝ። ነሽ አልኳት።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ...

መስከረም 11

መዝገብ ቤት ወርጄ የልብስ ሰፊዋን ፋይል አወጣሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት የሞላችው የመልቀቂያ ፎርም አለ። እናቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ እንደወደቁ ጽፋለች። ጽሑፏ ያምራል። ከሥሩ የእኛ ማህተም፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተመለሰች ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሦስት ዓመቱ የሚሞላው መስከረም 21 ነው። ዓርብ። የምዝገባውም መጨረሻ ቀን።

ውጤቷን አየሁ። ሁለት ዓመት ተምራ ከባቿ አራተኛ ነበረች። ከሦስት መቶ አራተኛ!

ፋይሉን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ለምን መለስኩት? ይዤው ወደ ላይ መውጣት አልነበረብኝም?

መስከረም 12

ዛሬ እኔ መስኮት መጣች። ሜትሩ የለም፤ የክት ልብሷን ለብሳለች። «እትዬ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይረዱኛል ብዬ ነው።» እናቷ ሰኔ ላይ አርፈዋል። ያው ሰኔ። እኔ እሷን ከቁጥር ሳወጣ እሷ እናቷን እየቀበረች ነበር።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ይጣራል። በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በይ።»

«ቀኑ አያልፍብኝም?»

«አያልፍም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ አመሰገነችኝ። እኔን!

መስከረም 14

ፐርሰንት ቢሮ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። የአንዲት ልጅ ኮድ ላስተካክል አልኩት። ሪፖርቱ ስለተዘጋ ያለ እሱ ፊርማ መዝገቡ አይከፈትም።

ካልኩሌተሩን አወጣ። ስለ ልጅቱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። «ለሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ሲካፈል... ሰማንያ ሦስት ነጥብ አምስት ስድስት። ሲጠጋጋ ሰማንያ አራት። ጥሩ፣ አንድ ሰው እንችላለን።» እንደገና ነካካ። «ሁለት ከሆኑ ግን ወደ ሰማንያ ሦስት እንወርዳለን። ሁለተኛ እንዳታመጪብኝ።»

ቁጥሩ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ አለው ማለት ነው። ከሰማንያ ሁለቱ ለአንድ።

«እንግዲያው ዛሬ ይፈርሙልኝ።»

«ዛሬ? የትምህርት ጥራት ገምጋሚዎቹ ማክሰኞ እየገቡ? መዝገብ ስንነካካ ካዩን አለቀልን። እስከ 24 ታገሺ፣ ይሂዱልን።»

«የልጅቱ ቀን 21 ላይ ያልፋል።»

«ሦስት ዓመት የቆየች ልጅ ሦስት ቀን ያቅታታል? በይ፣ ዝም አይነቅዝም።»

ዲኑ ጋ መውጣት እችል ነበር። ሁለት ፎቅ ነው። ደረጃው ድረስ ሄድኩ። ከዚያ ዲኑ የሚለኝን አሰብኩ... «ማን ነው ያዛወራቸው?» ተመለስኩ።

መስከረም 18

ገምጋሚዎቹ ገቡ። ሦስት ናቸው። አንደኛዋ መነጽራም ሴትዮ ሰማንያ አራትን አይታ «እንዴት ቻላችሁበት?» አለች። ፐርሰንት ወደ እኔ ጠቆመ። «ክትትል ነው» አልኩ። ክትትል!

መስከረም 19

አልመጣችም። አምናኝ ነው።

መስከረም 21፣ ዓርብ

ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ደርሳለች። ከመስኮቴ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሳም፤ የጥርጣሬ አይደለም፣ የመተማመን። ቀጣይ ሁለቴ ጠየቀችኝ፦ «ይቺ ልጅ ማንን ነው የምትጠብቀው?» እኔን አላልኳትም።

ምሳ ሰዓት ላይ ፐርሰንትን ኮሪደር ላይ ያዝኩት። ገምጋሚዎቹ አብረውት ነበሩ። ዓይኑን አፈጠጠብኝ። መነጽራሟ ሴትዮ «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ፣ ደግ በሆነ ድምፅ። አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። አንድ! «ምንም፣ ይለፉ» አልኩና ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ተዘጋ። መጥታ መስታወቱን አንኳኳች።

«እትዬ? አያልፍም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ሰኞ ይስተካከላል።»

«ሰኞ ይከፈታል?»

ቦርሳዬን ጠረጴዛው ሥር ፈለግሁ። ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

መስከረም 24

ፐርሰንት በጠዋት ፈርሞ ሰጠኝ። «ይኸው፣ ቃሌን አላጠፍኩም።» መዝገቡን ከፈትኩ። «ተዛውራለች» የሚለውን አጠፋሁ። ዳግም ቅበላ የሚለውን ተጫንኩ። በቀይ መጣልኝ፦ ጊዜው አልፏል።

አምስት ጊዜ ተጫንኩት። ምን ይለወጣል ብዬ እንደሆነ እንጃ።

መስከረም 26

ሱቋን አፈላልጌ አገኘሁት። ከገበያው ጀርባ፣ በጫማ ጠጋኝና በቁልፍ ቀራጭ መሃል። አንድ ማሽን፣ አንድ በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ያላለቁ ልብሶች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ከፈቱልኝ ብላ ነው። እሱ ነው የገደለኝ።

እንደቆምኩ ነገርኳት። ሁሉንም። ሰኔን፣ ሰማንያ ሁለቱን፣ ካልኩሌተሩን፣ ኮሪደሩን። መጀመሪያ መስፋቷን አላቆመችም። ከዚያ እግሯን ከማሽኑ ላይ አነሳች።

«እናቴ» አለች፣ «ሦስት ዓመት ሙሉ የምትለኝ 'በእኔ የተነሳ ቀረሽ' ነበር። አልቀረሁም፣ እመለሳለሁ እያልኩ ነው የቀበርኳት።»

ይቅርታ አልኩ።

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው?»

አንቺ አለችኝ። ደግ አደረገች። ለትልቅ ሰው የሚሰጠውን አንቱታ በምን ፊቴ እቀበላለሁ?

«ሥራ አለብኝ» አለች። «ከበሩ ላይ ዞር በይ፣ ብርሃን ከልለሽኛል።»

መስከረም 28

ለዲኑ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ሦስት ጊዜ ስጽፈው «ተቀይሯል»፣ «ተደርጓል» እያልኩ ነበር። ማን እንዳደረገው ከወረቀቱ አይታይም። አራተኛው ላይ «እኔ ቀየርኩ» አልኩ። የፐርሰንትንም ነገር አልደበቅሁም፤ ግን ኮዱን የነካው ጣት የእኔ ነው። የሰማንያ ሁለቱን ስም ዝርዝር አያያዝኩ። ግልባጭ ለገምጋሚዎቹ። ፈረምኩ።

ፐርሰንት ኮሪደር ላይ እንደማያውቀኝ አልፎኝ ሄደ። ቀጣይ ግን ሻይ ይዛልኝ መጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ የምርሽን ነው? ጡረታሽ ስንት ዓመት ቀረው?» ስድስት አልኳት። «ጉድሽ ፈላ!» አለችና ሳልጠይቃት ሦስተኛ ማንኪያ ስኳር ጨመረችልኝ። ከሁሉም ያስለቀሰን ያ ስኳር ነው... እሷንም፣ እኔንም።

ጥቅምት 3

ወንድሜ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ወንድሜ ከወንበሩ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። «ልጄን በውሸት አስገባሽብኝ?» እታለም አላለኝም። እሱን ያህል የሚያምነኝ ሰው አልነበረም።

ሚስቱ ናት የጠየቀችኝ። «ስንት ነው እውነተኛው?»

«ስልሳ አንድ። ከአንደኛ ዓመት ወደ ሁለተኛ ሲሻገሩ ነው ብዙዎቹ የሚቀሩት።»

«ይሄን ነበር መጀመሪያ መንገር!» አለች ልጇን እያየች። «የት ጋ እንደሚወድቁ ካወቅን እዚያ ጋ እጇን እንይዛታለን። ሰማንያ አራት ብለሽ እኮ አስተኛሽን።»

ሒሳብ አይገባትም ይሏታል።

ጥቅምት 8

የቅበላ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ዲኑ ነው የልብስ ሰፊዋ ጉዳይ ይታይ ያለው። አምስት ሰው በረዥም ጠረጴዛ። እሷም ተጠርታ መጣች፤ ከእኔ ሦስት ወንበር ርቃ ተቀመጠች።

ሰብሳቢው፦ «ቀኑ አያልፍም ብለሻታል?»

«ብያታለሁ።»

«በጽሑፍ?»

«በቃል።»

«በቃል የተባለ መዝገብ ላይ የለም።»

«እኔ ራሴ ቆሜ እየመሰከርኩ? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በእኔ ጥፋት እሷ ለምን ትቀጣለች?»

«አንቺ ስለ መዝገብ ትክክለኛነት ባትናገሪ ይሻላል» አለ አንዱ። እውነቱን ነው። ለእሷ ለመመስከር የሚታመን ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ግን ታማኝነቴን ሰኔ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ውሳኔ፦ የሦስት ዓመቱ ጊዜ ስላለፈ የድሮው ውጤት አይያዝም። እንደ አዲስ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት መጀመር ትችላለች። «ትልቅ ዕድል ነው» አለ ሰብሳቢው።

ተነሳች። «ሁለት ዓመት ተምሬ አራተኛ ወጥቻለሁ። እንዳልነበርኩ ሆኜ አልገባም።» ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች፤ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 12

የዲኑ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሰማንያ ሁለቱን መዝገብ አስተካክዬ ስጨርስ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት እሄዳለሁ። ፐርሰንት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል፤ ስንት ፐርሰንቱ እንደተሰማው እንጃ።

ለሁሉም እየደወልኩ ነው። እውነተኛውን ምክንያት ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ። አንዱ ታክሲ ይነዳል፦ «አሁን ገና ነው የጠፋሁት?» ብሎ ሳቀብኝ። አንዷ ጠዋት ጠዋት ልጇን የምታቆይበት አጥታ ነው የቀረችው፤ ለማንም አልነገረችም፣ ማንም አልጠየቃትም። ስድስቱ ብቻ በእርግጥ ተዛውረዋል። የአንዱን ስልክ እናቱ አነሱት። ሞቷል። ሁለት ዓመቱ። «ተዛውሯል» ብዬው ነበር። እሳቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ጥቅምት 16

አሥራ ዘጠኙ ጊዜያቸው አላለፈም። መመለስ ይፈልጋሉ። ቀጣይ ወረቀታቸውን በእጇ እየያዘች ከቢሮ ቢሮ ታዞራቸዋለች። ደስ ሊለኝ ይገባል። ትንሽ ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ሃያኛዋ ትመጣብኛለች።

ጥቅምት 19

ዛሬ ጨረስኩ። የእሷን ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር፤ ከዛሬ በላይ ግን ማቆየት አልተቻለም።

«አቋርጣለች» ብዬ መሙላት አለብኝ። ሰኔ ላይ እንዲህ ብዬ ጽፌ ቢሆን ውሸት ነበር፤ ያኔ እናቷን እየቀበረች ነበር፣ ልትመለስ። አሁን እውነት ሆኗል። እኔ ነኝ እውነት ያደረግሁት።

ምክንያቱ ካልተሞላ መዝገቡ አይዘጋም። ምርጫው አራት ነው፦ ጤና፣ ቤተሰብ፣ የትምህርት ክብደት፣ ሌላ። ጣቴ በልማድ ወደ «ቤተሰብ» ሄደ። ኧረ አይሆንም። እናቷ አይደሉም ያስቀሯት፤ ቢያንስ ይሄ መዝገብ ይወቀው። «ሌላ» የሚለውን መረጥኩ። ይገለጽ ይላል።

ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩበት።